የዱባ አዝመራ በየካና በእንጦጦ ግርጌ፤ ከጥቅምት እስከ ገና የማይጣል ምግብ ታሪክ

የአንድ ሕዝብ የኑሮ ታሪክ በነገሥታት ዜና መዋዕልና በገዳማት ድርሳናት ብቻ ተጽፎ አይገኝም። በጓሮ የሚበቅለው፣ በማጀት የሚሠራው፣ ተበልቶም የሚተርፈው ነገር ሁሉ የራሱን ታሪክ ይዞ ይኖራል። ይህን ታሪክ ሊቃውንት ብዙ ጊዜ ሳያዩት አልፈዋል፤ ምክንያቱም ጠባቂዎቹ ጸሐፊዎች ሳይሆኑ የቤት እመቤቶች ናቸው፤ መዝገቡም ብራና ሳይሆን ባልትና ነው። ከእነዚህ ያልተጻፉ ታሪኮች አንዱ የዱባ ታሪክ ነው።

ዱባ በደጋማው የኢትዮጵያ ክፍል የክብር ምግብ ሆኖ አያውቅም። ለሠርግ አይቀርብም፤ ለእንግዳም ተመርጦ አይሠራም። ነገር ግን ከተተከለበት መሬት ጀምሮ እስከ መጨረሻው ልጣጭ ድረስ ያለው ሁሉ ሥራ ላይ የሚውል አትክልት ነው። ከዚህ በታች የሚቀርበው ሐተታ ይህ ልማድ በአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ፣ በየካና በእንጦጦ ተራሮች ግርጌ፣ በምን ሥርዐት ላይ ተመሥርቶ እንደኖረ ይመረምራል፤ ሥርዐቱም ሲላላ ምን እንደተከተለ ያመለክታል።

1. ስለ ስሙና ስለ አመጣጡ

ዱባ የሚለው ቃል ከዓረብኛው «ዱባእ» ጋር አንድ ነው። ይሁን እንጂ የዓረብኛው ቃል በመጀመሪያ የተሰጠው ዛሬ በአማርኛ ዱባ ለሚባለው አትክልት አልነበረም። በእስልምና ሐዲሶች ውስጥ የሚጠቀሰው ዱባእ የቅል ወገን ነው። እንዲህ መሆኑም ግድ ነው፤ ዛሬ የምናውቀው ዱባ የአሜሪካ ተወላጅ በመሆኑ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1492 በፊት በዓረብም ሆነ በአፍሪካ ምድር ሊታወቅ አይችልም ነበር። በሜክሲኮ፣ ኦአካካ በሚባለው አገር፣ ጊላ ናኪትስ ከተባለ ዋሻ የተገኙት ፍሬዎች እንደሚያስረዱት የዚያ አገር ሰዎች ዱባን ማልማት ከጀመሩ ወደ 10,000 ዓመት ይሆናል።

የቅል ታሪክ ደግሞ በተቃራኒው ይሄዳል። ቅል የአፍሪካ ተወላጅ ነው። የደረቀ ቅል ቀላልና ውሃ የማያስገባ በመሆኑ በባሕር ላይ ብዙ ወራት ሊንሳፈፍ ይችላል፤ በሆዱ ያለው ፍሬም አይበላሽም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2014 የታተመ የዘር ምርመራ እንዳረጋገጠው፣ ከኮሎምቦስ በፊት በአሜሪካ ይበቅል የነበረው ቅል የቅርብ ዘመዱ የአፍሪካው ቅል ነው፤ የአትላንቲክን ውቅያኖስ የተሻገረውም በሞገድ ተገፍቶ እንደሆነ ይታመናል። እንግዲህ ቅል ከአፍሪካ ወደ አሜሪካ ሄደ፤ ከብዙ ሺህ ዓመት በኋላም የአሜሪካው ዘመዱ ዱባ ወደ አፍሪካ መጣ።

አዲሱ አትክልት ኢትዮጵያ ሲደርስ እንደ እንግዳ አለመቆጠሩ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ነው። በቆሎ ከባሕር ማዶ በመምጣቱ «የባሕር ማሽላ» ተብሎ እንግድነቱ በስሙ ተጽፎበታል። ዱባ ግን ቅልን የሚመስል ስለሆነ የቅል ወገን የሚጠራበት ስም ጠብቆት ነበርና ያን ስም ወርሶ የአገር ልጅ ሆነ። ዛሬ ከጾም ምግቦች ሁሉ አገርኛ መስሎ በሚታየው በዱባ ወጥ ውስጥ ከአሜሪካ የመጡ ሁለት አትክልቶች፣ ዱባውና በርበሬው፣ ከአገሩ ኑግ ዘይት ጋር አብረው ይበስላሉ።

በቅልና በዱባ መካከል ያለው መመሳሰል ሊቃውንትንም ያከራከረ ጉዳይ ነው። በትንቢተ ዮናስ ምዕራፍ 4 ለነቢዩ ጥላ የሆነችው ተክል በዕብራይስጥ «ቂቃዮን» ትባላለች፤ ይህችንም ብዙዎች ጉሎ ናት ይላሉ። የግሪኩ ትርጉም ግን የቅልን ወገን አደረጋት። ሄሮኒሞስ በላቲን ሲተረጉም «አረግ» የሚያሰኝ ቃል ቢያገባ፣ በሰሜን አፍሪካ የነበሩ ምእመናን የለመዱት ንባብ ስለተለወጠ ሁከት አንሥተው እንደነበር አውግስጢኖስ ጽፎለታል። የግእዙ መጽሐፍ ግሪኩን ተከትሎ «ሐምሐም» ሲላት፣ የአማርኛው ደግሞ «ቅል» ብሏታል። ስለዚህ የአንድ አትክልት ስም ከሕዝብ ልማድ ጋር ምን ያህል የተሳሰረ እንደሆነ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

የአማርኛ ተረት ግን ሁለቱን አላምታታም። «ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል» ይላል። «ለየቅል» የሚለው አነጋገር ለየብቻ ማለት ሆኖ በዕለት ንግግር ውስጥ ገብቷል። ተረቱ የሰውን ጠባይ ለመለየት ቢነገርም በአትክልት ዕውቀት በኩል ሲመረመር ትክክል ሆኖ ይገኛል። ሁለቱም ሐረግ ናቸው፤ ሁለቱም ከአንድ ቤተሰብ ይቆጠራሉ። ነገር ግን የዱባ አበባ ቢጫ ሆኖ በማለዳ ሲፈካ፣ የቅል አበባ ነጭ ሆኖ በምሽት ይፈካል። ዱባ በምድር ላይ ይሳባል፤ ቅል ግን አጥርና ዛፍ ላይ መንጠላጠል ይወዳል። ተረቱን ያወጣው ገበሬ ይህን ሁሉ ያየ ሰው መሆኑ አያጠራጥርም።

2. ምድሩና ወራቱ

የእንጦጦ ተራራ ራስ ከባሕር ጠለል በላይ 3,000 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ዐፄ ምኒልክ በ1870ዎቹ ዓ.ም. ሠፈራቸውን በዚህ ተራራ ላይ አደረጉ፤ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥትነት ዘውድ የጫኑትም በእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ነው። የተራራው ብርድና የማገዶው እጥረት ግን ለከተማ የሚመች አልሆነም። እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃውን ወደውት በ1879 ዓ.ም. ከተማዋ ከግርጌው ተቆርቁራ አዲስ አበባ ተባለች። በ1887 ዓ.ም. ገደማ የገባው ባሕር ዛፍም የማገዶውን ችግር አቃልሎ ከተማዋን በቦታዋ አጸናት።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አገሩ ባዶ አልነበረም። በተራራው ግርጌና በሜዳው ላይ የቱለማ ኦሮሞ ጎሣዎች እያረሱና ከብት እያረቡ ይኖሩ ነበር። በኦሮምኛ «ቡቄ» የሚባለው ቅል ከወተትና ከቅቤ ሥራ ጋር የተያያዘ በመሆኑ በከብት አርቢው ቤት የታወቀ ዕቃ ነው። በየካ ኮረብታ ላይ ከአለት ተፈልፍሎ የተሠራው ዋሻ ሚካኤል ደግሞ ከከተማዋ መቆርቆር ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት በዚህ አካባቢ የክርስቲያን ማኅበር እንደነበረ ይመሰክራል። ስለዚህ በየካ ግርጌ የሚገኘው የጓሮ ልማድ ከአንድ ወገን ብቻ የመጣ ሳይሆን የገበሬው፣ የከብት አርቢውና ከቤተ መንግሥት ጋር የመጣው ወታደርና ባለሟል ልማድ ተቀላቅሎ የተሠራ ነው።

ዱባ ውርጭ አይችልም። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት በእንጦጦ ራስ ላይ የሚወርደው ውርጭ ቅጠሉን ያጠቁረዋል። ከግርጌው ግን፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን እስከ ኮተቤ ባለው ተረተር፣ አየሩ ለዘብ ስለሚል ዱባ በቤት አጠገብ ይበቅላል። ቅል ከዱባ ይልቅ ሙቀት ፈላጊ ስለሆነ ለዕቃ የሚሆነው ትልቁ ቅል ወደ ከተማው የሚገባው ዝቅ ካለው አገር ነው። ስለዚህ ዱባ የጓሮ፣ ቅል የገበያ ነበር ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ዱባ የሚተከልበት ቦታ ስለ ጠቅላላው ሥርዐት ብዙ ይናገራል። ለዱባ የሚመረጠው መሬት ጥሩው እርሻ አይደለም፤ አመድ፣ የቤት ጥራጊና የበረት ፍግ የሚደፋበት የጓሮ ጥግ ነው። ዱባ ብዙ ፍግ የሚወድ አትክልት በመሆኑ ሌላው የሚጸየፈው ቦታ ለእርሱ ይስማማዋል። ብዙ ጊዜም ማንም ሳይተክለው፣ ከጥራጊ ጋር የተደፋው ፍሬ ክረምት ሲገባ በራሱ ይበቅላል። እንግዲህ ዱባ ከቤቱ ትርፍ ይወለዳል፤ ከተበላ በኋላም የሚተርፈው ወደዚያው ጥግ ይመለሳል።

የወራቱም አቀማመጥ እንዲሁ የታሰበበት ይመስላል። ክረምት ሲገባ የበቀለው ሐረግ በመስከረም ፍሬ ይዞ በጥቅምት ይጎመራል። ክረምቱ የእህል ማነሻ፣ የጎመን ወራት ነው፤ መስከረም ሲጠባ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» የሚባለውም ስለዚህ ነው። የእህሉ መከር ግን እስከ ኅዳርና ታኅሣሥ ድረስ አልተሰበሰበም። አሮጌው እህል አልቆ አዲሱ ባልደረሰበት በዚህ ክፍተት ዱባ ይደርሳል። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው ጾመ ጽጌ፣ ቀጥሎም ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና የሚጾመው ጾመ ነቢያት በዚሁ ወራት ላይ ይውላሉ። ቅቤና ሥጋ በተከለከለበት፣ ምስርና ሽምብራም ገና በማሳ ላይ ባለበት ጊዜ ጣፋጭና ውፍረት ያለው ወጥ የሚሆነው ዱባ መሆኑ የዚህ አትክልት እውነተኛ ዋጋ ነው።

3. ከሥጋው እስከ ፍሬው

ዱባ ሲነሣ ከነአንገቱ ይቆረጣል፤ አንገቱ የተሰበረበት ቶሎ ይበሰብሳልና። ልጣጩ እስኪጠነክር ጥቂት ቀን ፀሐይ ላይ ይሰነብትና እርጥበት በማይነካው ቦታ፣ በቆጥ ወይም በመደብ ላይ፣ እርስ በርሱ ሳይነካካ ይቀመጣል። በመጀመሪያ የሚበላው የተቧጨረውና የተነካው ነው፤ ጤነኛው ለጾሙ ይቆያል። በደንብ የተቀመጠ ዱባ ከጥቅምት እስከ ገና ሳይበላሽ ይደርሳል። ትልቅ ዱባ አንዴ ከተቆረጠ በኋላ ግን ብዙ ቀን አያድርምና ለጎረቤት ይካፈላል፤ ጎረቤትም በተራው የራሱን ሲቆርጥ ይመልሳል። ስለዚህ የዱባው ግዙፍነት ራሱ ማኅበራዊ ግዴታን ይፈጥራል።

ሥጋው በሽንኩርት፣ በበርበሬና በዘይት ተቁላልቶ ወጥ ይሆናል፤ ወይም እንዲሁ በውሃ ተቀቅሎ ለልጆች ይሰጣል። ከባቄላና ከአተር ይልቅ ቶሎ ስለሚበስል ማገዶ ይቆጥባል። ይህ ነገር ከእንጦጦ ጫካ የጭራሮና የቅጠል ሸክም በጀርባቸው አዝለው ሲወርዱ ለኖሩት ሴቶች ቀላል አልነበረም፤ የሚሸጠው ሸክም በቤት በሚነደው ልክ ይቀንስ ነበርና። የዱባን ቢጫነት የሚሰጠው ንጥረ ነገር በሰውነት ውስጥ ወደ ቪታሚን ኤ የሚለወጥ ሲሆን፣ ይህ ቪታሚን ሲጎድል በአማርኛ ዳፍንት የሚባለው የዓይን ሕመም ይመጣል። ንጥረ ነገሩ ወደ ሰውነት በደንብ የሚገባው ከቅባት ጋር ሲበላ ስለሆነ፣ ዱባን በዘይት አቁላልቶ መሥራት ምክንያቱ ሳይታወቅ የተገኘ ትክክለኛ አሠራር ነው።

ፍሬው አይጣልም። ከክር መሳዩ ሆድ ዕቃ ተለይቶ ይታጠባል፤ በሰፌድ ተሰጥቶ ይደርቃል። ከዚያ በሦስት ይከፈላል። ትልልቁና ሙሉው ለዘር ይቀመጣል፤ ከፊሉ በምጣድ ተቆልቶ እንደ ቆሎ ይቆረጠማል፤ የቀረው ለመድኃኒት ይሆናል። የዱባ ፍሬ ለኮሶ ትል መድኃኒት መሆኑ በኢትዮጵያ ባህላዊ ሕክምና የታወቀ ነው። ጥሬ ሥጋ በሚበላበት አገር የኮሶ ትል የብዙ ሰው ሕመም ስለነበረ፣ ከኮሶው ዛፍ አበባ ሌላ እንቆቆ፣ መተሬና የዱባ ፍሬ ለዚሁ ያገለግሉ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ ኮሶ ኃይለኛና የሚያደክም ሲሆን የዱባ ፍሬ ለሰውነት የሚቀል ነው። የዛሬው የኬሚካል ምርመራም በዱባ ፍሬ ውስጥ «ኩኩርቢቲን» የተባለ ትሉን የሚያደነዝዝ ንጥረ ነገር እንዳለ አሳይቷል። ፍሬው በፕሮቲንና በዘይት የበለጸገ በመሆኑም በጾም ወራት ከሥጋና ከወተት የሚጎድለውን በጥቂቱ ይተካል።

ልጣጩና ሆድ ዕቃው የከብት ድርሻ ነው። ከጠላ የሚተርፈው አተላ ለላምና ለበግ እንደሚሰጥ ሁሉ የዱባው ልጣጭም ተከታትፎ ይሰጣቸዋል። ከብት የሌለው ሰው ለጎረቤት ከብት ይሰጥና በምትኩ ኩበት ወይም ፍግ ያገኛል። የለጋ ቅጠሉንና የጫፉን ሐረግ እንደ ጎመን ቀቅሎ መብላትም በተለይ በደቡቡ የአገራችን ክፍል የተለመደ ነው። ምግብን ባለመጣል በኩል ዱባ ብቻውን አልቆመም፤ የደረቀው እንጀራ ድርቆሽ፣ ያደረው ፍርፍር መሆኑ ከአንድ ባልትና የወጣ ነው።

4. የቅል ዕቃነት

የዱባ ዘመድ የሆነው ቅል ከሚበላው ይልቅ በሚሰጠው ዕቃ የታወቀ ነው። ቅል በሐረጉ ላይ እስኪደርቅ ይተዋል። ከዚያ አፉ ተቆርጦ ውሃ ይሞላበትና ሆድ ዕቃው እስኪበሰብስ ይቀመጣል፤ ከበሰበሰ በኋላም ተፍቆ፣ ጠጠርና አሸዋ ገብቶበት ተንቀጥቅጦ ይታጠባል። የውስጡ ሥጋ እጅግ መራራና የሚያስቀምጥ ስለሆነ በደንብ ካልጸዳ የገባበትን ሁሉ ያበላሻል። በመጨረሻ በወይራ ጭስ ይታጠናል፤ ጭሱ ሽታውን ያጠፋል፤ ወተቱንም ከመበላሸት ያቆያል።

ከአንድ ቅል የሚወጣው ዕቃ እንደ ቅርጹ ነው። ሆደ ሰፊው ወተት መናጫና የቅቤ ማስቀመጫ፣ አንገተ ረጅሙ የውሃና የጠላ መያዣ፣ ለሁለት የተሰነጠቀው መጠጫ አንኮላ ይሆናል። ዘር ከነቀዝ የሚጠበቀውም አፉ በተደፈነ ቅል ውስጥ ነው። ቅል ሲሰነጠቅ በጅማት ወይም በቃጫ ይሰፋል፤ መስፋት የማይቻልበት ደረጃ ላይ ሲደርስ ስባሪው እህልና ዱቄት መዝገኛ ይሆናል፤ ያም ሲያበቃ ከምድጃ ይገባል። እንግዲህ ዱባና ቅል አበቃቀላቸው ለየቅል ቢሆንም በመጨረሻ ሁለቱም አመድ ሆነው በአንድ ጓሮ ይገናኛሉ።

«ጊዜ የሰጠው ቅል ድንጋይ ይሰብራል» የሚለው ተረት ስለ ሥልጣን የተነገረ ነው። በዕቃነቱ በኩል ግን ጊዜ ፊቱን ያዞረበት ራሱ ቅል ሆነ። በመጀመሪያ ጣሳና የብረት ዕቃ፣ በመጨረሻም የፕላስቲክ ጀሪካን ቦታውን ወሰዱ። ጀሪካን እንደ ቅል አይሰበርም፤ ዋጋውም ርካሽ ነው። ነገር ግን ሲያረጅ መሬት አይሆንም።

5. ኅዳር 12

በጥቅምትና በጾመ ነቢያት መካከል አንድ ሌላ ቀን አለ። ኅዳር 12 የቅዱስ ሚካኤል ዓመታዊ በዓል ሲሆን በየካ ሚካኤል ብዙ ሕዝብ ተሰብስቦ ያከብረዋል። በዚያው ቀን አዲስ አበባ የቤቷን ጥራጊ በየደጃፉ ከምራ ታጥናለች። ይህ «ኅዳር ሲታጠን» የተባለው ልማድ የጸናው በኅዳር 1911 ዓ.ም. ዓለምን ያዳረሰው የእንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ እንደሆነ ይነገራል። የኅዳር በሽታ የተባለው ይህ መቅሠፍት በከተማዋ ብቻ ወደ 10,000 ሰው እንደጨረሰ ይገመታል፤ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንንም ታመው ከሞት ተርፈዋል። ሕዝቡ በሽታውን ከቆሻሻ ጋር ስላያያዘው ጥራጊን መጥረግና ማጠን መከላከያ ሆነ።

ይህ ቀን ከጓሮው ዑደት ጋር የሚገጥም መሆኑ ግን ብዙም አልተጻፈም። በኅዳር መጀመሪያ ዱባው ተነሥቶ ሐረጉ ደርቋል፤ የክረምቱ አረም ቢጫ ሆኗል። ኅዳር 12 የሚነደው በአመዛኙ ይህ የደረቀ የጓሮ ትርፍ ነበር። አመዱም ወደ ጓሮው ጥግ ተመልሶ ለሚቀጥለው ዓመት ዱባ ማዳበሪያ ይሆናል። ከሦስት ቀን በኋላ ጾሙ ይገባል፤ በቆጥ ላይ የቆየው ዱባም ይወርዳል። ስለዚህ መጥረጉ፣ ማቃጠሉና መብላቱ በአንድ ሳምንት ውስጥ ተራ በተራ የሚፈጸም የአንድ ሥርዐት ክፍል ነበር።

ዛሬ በየመንገዱ የሚከመረው ጥራጊ ግን ሐረግና ቅጠል ብቻ አይደለም። ፕላስቲክና የጎማ ቁራጭ ተቀላቅሎበት የሚወጣው ጭስ ሳንባን ይጎዳል፤ የጤናና የአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዎችም ሕዝቡ ማጠኑን ትቶ በመጥረጉ እንዲጸና ይመክራሉ። ልማዱ ያው ሆኖ የሚቃጠለው ነገር በመለወጡ መከላከያ የነበረው መልሶ ሕመም ሆነ።

6. በባሕር ማዶ ያለው ዱባ

በአሜሪካና በአንዳንድ የአውሮፓ አገሮች ዱባ የሚታወቀው ከምግብነቱ ይልቅ በአንድ ሌሊት በዓል ነው። ሃሎዊን የሚባለው ይህ በዓል የምዕራባውያን የቅዱሳን ሁሉ በዓል ዋዜማ ሲሆን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጥቅምት 31 ቀን ይውላል፤ ይህም በእኛ አቆጣጠር ብዙውን ጊዜ ጥቅምት 21 ነው። በዚህ ዕለት በእንጦጦ ማርያም የእመቤታችን ወርኃዊ መታሰቢያ ይከበራል። አይርላንዳውያንና ስኮትላንዳውያን በጥንት ጊዜ ሥራ ሥር ፈልፍለው የሰው ፊት እየቀረጹ መብራት ያበሩበት ነበር። ወደ አሜሪካ በተሰደዱ ጊዜ ዱባን የሚበልጥና ለመቅረጽ የሚቀል ሆኖ ስላገኙት ለበዓሉ አደረጉት። ልጆች በየቤቱ እየዞሩ ጣፋጭ መለመናቸው የእኛ ልጆች በቡሄ ሆያ ሆዬ እያሉ ሙልሙል ከሚሰበስቡበት ልማድ ጋር ይመሳሰላል። ልዩነቱ ሙልሙል የሚበላ፣ የተቀረጸው ዱባ ግን የሚጣል መሆኑ ነው።

ለበዓሉ የሚዘራው ዱባ ለመልኩ የተመረጠ በመሆኑ ሥጋው ውሃማና ክራም ነው፤ ቢሆንም የሚበላ ነው። የተቀረጸውና ሻማ የነደደበት በጥቂት ቀን ስለሚሻግት ለሰው ምግብ አይሆንም፤ ሰምና ቀለሙ ከወጣለት ለከብት ወይም ለማዳበሪያ ይሆናል። ያልተቀረጸው ግን በደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ለብዙ ሳምንት ይቀመጣል። መራራ ሆኖ የተገኘ ዱባ ግን ሊበላ አይገባም፤ ምሬቱ የመርዝ ምልክት ነው። ከአትክልት ትርፍ የሚበዛው በቆሻሻ ጉድጓድ ውስጥ ተደፍኖ ሲበሰብስ ሚቴን የተባለ አየርን የሚያሞቅ ጋዝ ስለሚያወጣ፣ በእነዚያ አገሮች ገበሬዎችና የእንስሳት መጠበቂያዎች ከበዓሉ በኋላ ዱባ መሰብሰብ ጀምረዋል። በሰሜን አሜሪካ የሚኖር ጾመኛ ኢትዮጵያዊ ደግሞ በዓሉ ካለፈ ከሦስት ሳምንት በኋላ ጾመ ነቢያት ስለሚገባበት፣ ሌላው ከደጃፉ የሚያነሣውን ጤነኛ ዱባ ለወጥ ሊያውለው ይችላል። በየካ የነበረው የቀን አቆጣጠር ባሕር ተሻግሮም ይሠራል።

7. የፈረሰው ሥርዐትና የቀረው

ከላይ ከተመለከተው እንደሚታየው፣ በየካና በእንጦጦ ግርጌ ዱባ አለመባከኑ የሰዎቹ ቁጠባ ወይም ድህነት ብቻ ያመጣው አልነበረም። አራት ነገሮች ሲገኙ የሚቆም ሥርዐት ነበር፤ እነርሱም ጓሮ፣ ከብት፣ ማስቀመጫ ቦታና ጾም ናቸው። ጓሮው ጥራጊውን ተቀብሎ ፍሬ ይሰጣል፤ ከብቱ ልጣጩን በልቶ ፍግ ይመልሳል፤ ቆጡ አዝመራውን ከወር ወር ያሻግራል፤ ጾሙም የሚበላበትን ቀን ይወስናል። የጥንቱ አዲስ አበባ በየመኳንንቱ ሠፈር የተከፋፈለች፣ በቤትና በቤት መካከል ሰፊ ቦታ ያላት ከተማ በመሆኗ ለእነዚህ ሁሉ ቦታ ነበራት።

ከ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ወዲህ የጋራ መኖሪያ ሕንፃዎች ሲስፋፉ፣ የቀድሞውም የጭቃ ቤት ሠፈር ለመንገድና ለሕንፃ ሲነሣ፣ ከአራቱ ሦስቱ ከብዙ ቤት ወጡ። በፎቅ ላይ ጓሮ የለም፤ ላም አይታሰርም፤ ቆጥም አይሠራም። የቀረው ጾሙ ብቻ ነው። ስለዚህ ዱባ ወጥ ዛሬም ይበላል፤ በሾላ ገበያም ዱባው በሙሉውና በቁራጭ ይሸጣል። ነገር ግን ቀድሞ ፍሬው ቆሎና መድኃኒት፣ ልጣጩ የከብት ምግብ፣ ሐረጉ ማዳበሪያ ይሆን የነበረው ሁሉ በአንድ ፌስታል ተጠቅልሎ ወደ ቆሻሻ ገንዳ ይሄዳል። ያው ሰው፣ ያው ምግብ፣ ያው ጾም እያለ ትርፉ ቆሻሻ የሆነው የሚሄድበት ቦታ ስለጠፋ ነው።

ይህ ጉዳይ ለታሪክ ብቻ የሚጠና አይደለም። ከአዲስ አበባ ቤቶች ከሚወጣው ጥራጊ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚበሰብስ ነገር ነው። ይህ ሁሉ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሲከመርበት የኖረው በረጲ የሚገኘው ቆሼ፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተደርምሶ በግርጌው ይኖሩ ከነበሩት ከ110 በላይ ሰዎችን ገድሏል። ከሞቱት ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። በአንድ ጓሮ ጥግ ዱባ የሚያበቅል ጥራጊ ሕዝብ በበዛበት ከተማ በአንድ ቦታ ሲከመር ሰው የሚቀብር ተራራ መሆኑን ይህ አደጋ አሳይቷል።

የድሮውን ጓሮ እንዳለ መመለስ አይቻልም፤ መመኘቱም ለከተማዋ ሕዝብ ብዛት መልስ አይሆንም። የሚቻለው ሥርዐቱ ይሠራው የነበረውን ሥራ በሌላ መንገድ መተካት ነው። በየሕንፃው ግቢ የሚበሰብሰው ከማይበሰብሰው ተለይቶ ብስባሽ የሚሆንበት ቦታ ቢዘጋጅ የጓሮውን ጥግ ይተካል። ከከተማው ዳር ላሉት ከብት አርቢዎች ልጣጩ የሚደርስበት መንገድ ቢገኝ የበረቱን ይተካል። ፍሬውን ማጠብና ማድረቅ ግን ከአንድ ሰፌድና ከአንድ መስኮት ፀሐይ በቀር ሌላ አይፈልግም።

ለዚህ ሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ዕውቀቱ ሳይጠፋ መመዝገቡ ነው። በየካና በእንጦጦ ግርጌ ባሉት አሮጌ ሠፈሮች የትኛው ዱባ ቀድሞ እንደሚበላና የትኛው እንደሚቆይ፣ የመድኃኒቱ ፍሬ እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ የተሰነጠቀ ቅል በምን እንደሚሰፋ የሚያውቁ አሮጊቶች ዛሬም አሉ። የአትክልትና የባህል ተማሪዎች የእነርሱን ቃል ከነአነጋገሩ፣ ከነስሙና ከነወራቱ ቢጽፉት፣ ለታሪክ ከሚሰጠው ጥቅም ሌላ ለከተማዋ ጽዳት ሹማምንትም የሚጠቅም ምክር ይገኝበታል።